ዦዜፍ ፕላቶ፦ በሰው ዓይን ያየው ሊቅ

(በ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

የፊልምና የቴሌቪዥንን ታሪክ ስንማር ቶሎ ቶሎ የሚነሱ ስሞች አሉ። ኤዲሰን አለ፤ የሉሚየር ወንድማማቾች አሉ። ከእነሱ በፊት ግን በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ የሚታለፍ አንድ ቤልጂጋዊ አለ፤ ዦዜፍ ፕላቶ ይባላል። የስም መመሳሰል እንዳያሳስተን፣ ይህ የግሪኩ ፈላስፋ አይደለም። ፈላስፋውን አባቶቻችን አፍላጦን ነው የሚሉት። የእኛው ፕላቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የፊዚክስ መምህር ነው።

አንድ የአንበሳሜ ልጅ የሆነ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ጓደኛ አለኝ። እሱ ዘንድ ፕላቶ ማለት የአንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ስም ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የፊልም አያት ነው። እነሱ ግማሹን ያውቃሉ፣ እኛ ግማሹን እናውቃለን፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለው ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ ታሪክ ነው፤ ይህ ስለ ማየት ያጠና ሰው ዓይኑን አጥቶ 40 ዓመት ኖሯል፤ ስሙን በሒሳብ ዓለም ያስጠራውን ሥራ የሠራውም ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንባብያን ሙሉውን ሰው ላስተዋውቃችሁ ወደድኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች የኢትዮጵያ ነው ብዬ ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሙሉ ስሙ ዦዜፍ አንትዋን ፌርዲናንድ ፕላቶ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1801 በብራሰልስ ተወለደ። ያኔ ቤልጂግ የምትባል አገር ገና አልነበረችም፤ አካባቢው በፈረንሳይ ሥር ነበር። ቤልጂግ ነፃ አገር የሆነችው ፕላቶ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ፣ በ1830 ነው።

አባቱ አበባ በመሳል የሚታወቅ ሠዓሊ ነበር። ልጁም የእሱን ፈለግ እንዲከተል ፈልጎ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት አስገባው። ይሁን እንጂ ፕላቶ 14 ዓመት ሲሞላው እናቱም አባቱም ሞተዋል። እሱንና እህቶቹን የወሰዳቸው ጠበቃ የሆነ አጎታቸው ነው። አጎትየው ደግሞ በተራው ልጁ የሕግ ሰው እንዲሆንለት ፈለገ። እንግዲህ አባት ሠዓሊ ሁን ይላል፣ አጎት ጠበቃ ሁን ይላል፤ ልጁ ግን ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ነገር በእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን ወላጅ ዶክተር ወይም ኢንጂነር ሁን እያለው ጋዜጠኝነት የመረጠ ስንቱ ነው!

ፕላቶን ወደ ሳይንስ የሳበው በብራሰልስ ያስተማረው ኬትሌ የተባለ መምህር ነው። ኬትሌ የስታቲስቲክስን ትምህርት ለኅብረተሰብ ጥናት በማዋል በኋላ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ፕላቶ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የአጎቱንም ፍላጎት የራሱንም ፍላጎት ጎን ለጎን ይዞ ነበር፤ በመጨረሻ ሳይንሱ አሸነፈ። በመካከሉ ሒሳብ እያስተማረ ራሱን ይረዳ ነበር። በ1829 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ጽሑፉ ስንት ገጽ ነው ብትሉ 30 እንኳን አይሞላም! ርዕሰ ጉዳዩ ቀለም በዓይናችን ላይ የሚተወው ስሜት ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚል ነው።

የምትሽከረከረው ክብ

ይህን ነገር ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። በቡሄ ማታ ችቦ አቀጣጥለን ስናሽከረክር በጨለማው ውስጥ ሙሉ የእሳት ክብ ይታየናል። ክብ የሚባል ነገር ግን የለም፤ ያለችው አንዲት የእሳት ጫፍ ናት። ዓይናችን ያየውን ወዲያው ስለማይለቅ ነው ክቡ የሚሞላው። ፕላቶ ይህን ቆይታ በሚሽከረከሩ ባለ ቀለም ክቦች ለካው፤ የሰከንድ ሲሶ ያህል ሆኖ አገኘው።

ከዚያ ጥናት በ1832 አንድ መጫወቻ ወጣ። ፌናኪስቲስኮፕ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ክብ ካርቶን ትወስዳላችሁ። ዙሪያውን በእኩል ርቀት ጠባብ ቀዳዳዎች ትበሱበታላችሁ። በቀዳዳዎቹ መካከል አንድ ሰው በተለያየ አኳኋን ይሳላል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከፊተኛው ትንሽ ብቻ ይለያል። ከዚያ መስታወት ፊት ቆማችሁ ካርቶኑን እያሽከረከራችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል መስታወቱን ታያላችሁ። የተሳለው ሰው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ፕላቶ የሠራት የመጀመሪያዋ ክብ ላይ 16 ሥዕሎች ነበሩ፤ የሚታየውም የሚሽከረከር ዳንሰኛ ነው። የአባቱ የሥዕል ትምህርት ቤት ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ሲሞን ሽታምፕፈር የተባለ የቪየና ምሁር ስለ ፕላቶ ሳያውቅ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቷል። ስለዚህ ክብሩ የሁለቱም ነው። ዛሬ በሲኒማ በሰከንድ 24፣ በእኛ አገር ቴሌቪዥን ደግሞ 25 ፍሬም ስናሳይ የምንጠቀመው ያንኑ ሐሳብ ነው። እርግጥ ነው፣ የኋላ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴ የሚታየን ዓይናችን ምስል ስለሚያቆይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው አእምሯችን እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ግን የፕላቶን መሣሪያ ዋጋ አይቀንሰውም።

ፀሐይዋና ዓይኑ

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል እንሂድ። ብዙ የፊልም ታሪክ መጻሕፍት የሚነግሩን ታሪክ አለ። ፕላቶ በ1829 ብርቱ ብርሃን በዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ብሎ የቀትር ፀሐይን ለ25 ሰከንድ ያህል አፍጥጦ አየ፤ ዓይኑም በዚሁ ጠፋ ይላሉ። ለሳይንስ ሲል ዓይኑን የሰጠ ሰው! ለፊቸር ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል?

ችግሩ ሁለቱ ነገሮች አለመያያዛቸው ነው። ፀሐይዋን ማየቱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት ማየት ተስኖት እንደነበርም ይነገራል። ነገር ግን ዓይኑ ተመልሶለት ከ10 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ያቺን የምትሽከረከር ክብ የሠራትም ከፀሐይዋ በኋላ ነው። ዓይኑን ያጠፋው በ1841 የጀመረው ብርቱ የዓይን ውስጥ ቁስለት ነው። ታሪኩን በኋላ የመረመሩ የዓይን ሐኪሞች በሽታውን ከፀሐይዋ ጋር የሚያገናኝ ነገር አላገኙም። ፀሐይ የምትጎዳው በዓይን ጀርባ ያለውን የብርሃን መቀበያ ነው፤ የፕላቶ በሽታ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

ይህን ስል ፀሐይን አፍጥጦ ማየት አይጎዳም ማለቴ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ የሠራው የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ ሕዝቡ በባዶ ዓይን እንዳያይ የተነገረው በምክንያት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጥሩ ታሪክ ሁሉ እውነተኛ ታሪክ አይደለም። የፕላቶ ታሪክ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲገለበጥ አንድ ሰው እንኳ ቀኖቹን አስተያይቶ ቢሆን ኖሮ በ1829 እና በ1841 መካከል 12 ዓመት እንዳለ ያስተውል ነበር። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህች ብቻ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የምታስተምር ናት።

በ1835 ፕላቶ በጌንት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በ1840 አገባ። ወንድ ልጁ ፌሊክስ በ1841 ተወለደ፤ ያው ዓይኑ መታመም በጀመረበት ዓመት ማለት ነው። በ1843 የቀረችውም ብርሃን ጠፋች። አባት የልጁን ፊት ያየው ገና ሕፃን ሳለ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አላባረረውም። ማስተማሩ ቢቀርም ከነማዕረጉ አቆየው፤ ቤቱ ሆኖ ምርምሩን እንዲቀጥል ዕድል አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ተቋም ለአንድ ሰው ያደረገው ነገር ስንት ፍሬ እንዳፈራ ወደፊት እናያለን።

ዘይትና ሳሙና

ዓይነ ስውር ሰው እንዴት አድርጎ የፊዚክስ ሙከራ ይሠራል? በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውር የሆኑ መምህራን ዜማውንም ቅኔውንም በቃላቸው ይዘው እንደሚያስተምሩ እናውቃለን። ያ ግን የቃልና የጆሮ ትምህርት ነው። ፕላቶ የመረጠው ግን በዓይን ብቻ የሚታይ፣ ቢነኩት የሚጠፋ ነገር ነው፤ የፈሳሽ ቅርጽ!

መጀመሪያ ከዘይት ጀመረ። ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አልኮል ውስጥ ደግሞ ይሰምጣል። ስለዚህ ውኃና አልኮል በልክ ከተቀላቀሉ ዘይቱ መሃል ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ይቆማል። ክብደት እንደሌለው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ የሚይዘው ቅርጽ ድብልብል ኳስ ነው። ፕላቶ ኳሱን በቀጭን ዘንግ ሲያሽከረክረው ጫፍና ጫፉ ይጠፈጠፋል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር እንደ ሳተርን ቀለበት ይወጣዋል።

ከዚያ ዘይቱን እንደ ዘንግ አስረዝሞ ያዘው። ርዝመቱ ከዲያሜትሩ ከ3 እጥፍ ትንሽ ሲያልፍ ዘንጉ ወገቡ እየቀጠነ ይበጠሳል። ቁጥሩ በሒሳብ ሲሰላ ፓይ ነው፣ 3.14 ገደማ። ይህን በየቤታችን እናየዋለን። ቡና ከጀበና ሲቀዳ ከላይ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል፤ ከፍ አድርጋችሁ ከቀዳችሁት ግን ሲኒው ጋ ሳይደርስ ወደ ጠብታ ይለወጣል። የፈሳሽ ክር ሲረዝም ወደ ጠብታ የሚበጣጠሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነው ስሙን ዘላለማዊ ያደረገው፤ ሳሙና። ሽቦ በተለያየ ቅርጽ ያስጠመዝዛል። ሽቦው ሳሙና ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ በጠርዞቹ መካከል ስስ የሳሙና ሽፋን ይዘረጋል። ተራ ሽፋን ቶሎ ስለሚፈርስ ፕላቶ ሳሙናውን ከግሊሰሪን ጋር ደባለቀው፤ ያው ለቆዳችን የምንቀባው ግሊሰሪን ነው። እንዲህ ሲሆን ሽፋኑ ለሰዓታት ይቆያል።

ሽቦውን የሚነክሩትና የሚያዩት ረዳቶቹ ናቸው። ከእነሱ መካከል ካደገ በኋላ ልጁ ፌሊክስ ይገኝበታል፤ የልጁ ባል ቫን ደር ሜንስብሩገም አለበት። ፕላቶ ይጠይቃል፤ እነሱ ያያሉ፣ ይመልሳሉ። ስንት ሽፋን አለ? የት ነው የሚገናኙት? በምን ማዕዘን? ስንት ደቂቃ ቆየ? እሱ በአእምሮው ይስለዋል፤ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ያዛል፤ ውጤቱን ያስጽፋል።

በዚህ መንገድ ምን አገኘ? ስድስት ፊት ያለው የኩብ ሽቦ ሲነከር ሽፋኑ በስድስቱ ፊቶች ላይ ይዘረጋል ብለን እንገምት ይሆናል። አይደለም። ሽፋኖቹ ወደ ውስጥ ይገቡና መሃል ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሽፋን ይዘው ይቆማሉ። በጠቅላላው 13 ሽፋን ነው። ሽፋኖች ሲገናኙ ምንጊዜም ሦስት ሆነው በ120 ዲግሪ ነው። የሚገናኙባቸው መስመሮች ደግሞ ሲገጣጠሙ ምንጊዜም አራት ሆነው በ109 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ሌላ ዓይነት አገጣጠም የለም። የማር እንጀራን ጓዳዎች አስተውላችሁ ከሆነ እዚያም ሦስት ግድግዳ በ120 ዲግሪ ሲገናኝ ታያላችሁ። ይህን ሕግ ያወጣው የሳሙናውን ሽፋን አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ያላየ ሰው ነው።

በ1873 የሥራውን ሁሉ ድምር በሁለት ቅጽ አሳተመ። ያኔ ዓይኑ ከጠፋ 30 ዓመት ሆኖት ነበር።

የሒሳቡ ጉዳይ

አሁን የጓደኛዬን ግማሽ ልንካው። ቀመር ስለማልጽፍ አንባቢዬ አይሽሽብኝ።

የሳሙና ሽፋን እንደ ተወጠረ ላስቲክ ሁልጊዜ መኮማተር ይፈልጋል። ጠርዙ በሽቦ ስለተያዘ ግን ጨርሶ ሊኮማተር አይችልም። ስለዚህ በአቅራቢያው ካሉት ቅርጾች ሁሉ ስፋቱ ትንሽ የሆነውን መርጦ ይቆማል። ይህን ጥያቄ ከፕላቶ 100 ዓመት ያህል ቀድሞ የሒሳቡ ሊቅ ላግራንዥ አንስቶት ነበር። አንድ የተጠማዘዘ ጠርዝ ቢሰጠን በእሱ ላይ ከሚዘረጉት ገጾች ሁሉ ስፋቱ የሚያንሰው የትኛው ነው? ላግራንዥ በ1762 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለው ገጽ ሊያሟላው የሚገባውን ኢኩዌሽን አወጣ። ከእሱ በፊት ደግሞ ኦይለር በ1744 የዚህን ዓይነት ስሌት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። የሚገርመው ኦይለርም በስተርጅናው ዓይነ ስውር ሆኖ ነው የሠራው።

የላግራንዥ ኢኩዌሽን የሒሳብ ተማሪዎች ኖንሊኒየር ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከሚሉት ወገን ነው። ሊኒየር ማለት እንደ ጤፍ ዋጋ ነው። የሁለት ኪሎ ዋጋ የአንድ ኪሎ እጥፍ ነው፤ የጤፍና የሽሮ ዋጋ ቢደመር ጠቅላላ ሒሳቡ ይወጣል። በሊኒየር ኢኩዌሽን ሁለት መልስ ካገኛችሁ ደምራችሁ ሦስተኛ መልስ ታገኛላችሁ። በኖንሊኒየር ይህ አይሠራም። በሳሙናው ገጽ የአንዱ ቦታ መጉበጥ ከዚያው ቦታ ዳገትነት ጋር ተባዝቶ ስለሚገባ ሁለት መልስ ቢደመር መልስ አይሆንም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኢኩዌሽን በቀጥታ መፍታት ብዙውን ጊዜ አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ቫሪየሽናል የሚባለው ዘዴ የሚመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኢኩዌሽኑን ከመፍታት ይልቅ ከቅርጾች ሁሉ ስፋቱ ትንሹን ፈልግ፤ ትንሹን ካገኘህ እሱ ራሱ የኢኩዌሽኑ መልስ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሳው ውኃ ጣና የት እንዳለ ካርታ አያይም። ጉማራን ይዞ ዝቅ ወዳለው፣ አሁንም ዝቅ ወዳለው ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ጣና ይደርሳል። የሳሙናውም ሽፋን እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ትንሹ መኖሩን በምን እናውቃለን? ከዜሮ የሚበልጠውን ትንሹን ቁጥር ፈልጉ ብትባሉ አታገኙትም። አንዱን ስትይዙ ግማሹ ይመጣል፤ የግማሹም ግማሽ አለ። መውረዱ አያልቅም፣ መድረሻው ግን የለም። ዲሪክሌና ሪማን የተባሉት ታላላቅ ሊቃውንት ትንሹ አለ ብለው ተቀብለው ሠርተው ነበር። በ1870 ቫየርሽትራስ ይህ ዝም ብሎ የሚታመን እንዳልሆነ በምሳሌ አሳየ። ብዙ ሥራ መሠረቱ ተናጋ። ሂልበርት በ1900 አካባቢ ነው ዘዴውን በጥብቅ ማስረጃ ደግሞ ያቆመው።

ሳሙናው ራሱ ይህን ወጥመድ ያሳያል። ሁለት እኩል የሽቦ ቀለበቶች ወስዳችሁ አጠጋግታችሁ ነክራችሁ አውጧቸው፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አራርቋቸው። በመካከላቸው ወገቡ የቀጠነ ሽፋን ይዘረጋል፤ ኦይለር ያገኘው ቅርጽ ነው። እኔና ጓደኛዬ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በግሊሰሪን ሞክረነዋል። ቀለበቶቹ ዲያሜትራቸው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ርቀቱ 6.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሽፋኑ በድንገት ይበጠስና በየቀለበቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ሳሙናው መድከሙ አይደለም። ከዚያ ርቀት በላይ ሁለቱን ቀለበቶች የሚያገናኝ መልስ ኢኩዌሽኑም የለውም። ከዚያ በታች ደግሞ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ ወገበ ሰፊ፣ ሌላው ወገበ ቀጭን ነው። ሳሙናው የሚይዘው ሰፊውን ብቻ ነው፤ ቀጭኑ ቅንጣት ንፋስ ቢነካው ስለሚፈርስ አይቆምም። ርቀቱ ሲጨምር ሁለቱ መልሶች እየተቀራረቡ ሄደው አንድ ይሆኑና አብረው ይጠፋሉ። ኖንሊኒየር የሚባለው ጉዳይ ምን ያህል ጠማማ እንደሆነ እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም ጠርዝ ትንሹ ገጽ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የፕላቶ ጥያቄ ተባለ። ፕላቶ ሽቦ በነከረ ቁጥር ሽፋን ይወጣል። ይህ ግን ምስክር እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሺህ ሽቦ ቢነከር አንድ ሺህ አንደኛው ምን እንደሚሆን አይናገርም። ማረጋገጫው የመጣው ከመጽሐፉ 57 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1930 ቲቦር ራዶ፣ በ1931 ደግሞ አሜሪካዊው ጄሲ ዳግላስ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ አረጋገጡት። ዳግላስ ስፋቱን በቀጥታ ከማሳነስ ይልቅ ለመያዝ የሚቀል ሌላ መጠን አሳነሰ፤ ያ ሲያንስ ስፋቱም አብሮ ያንሳል። ለዚህ ሥራው በ1936 በኦስሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጡት ሁለት የፊልድስ ሜዳሊያዎች አንዱን አገኘ። ሦስት በ120 ዲግሪ የሚለውን ሕግ ደግሞ ጂን ቴይለር የተባለች የሒሳብ ሊቅ በ1976 አረጋገጠችው። ፕላቶ ረዳቶቹን እየጠየቀ ካወጣው ሕግ ላይ የሚሻር አልተገኘም።

ዘዴው ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ የተሠራው እንደ ድንኳን የተወጠረ ጣሪያ ከባለሙያዎቹ አንዱ ፍራይ ኦቶ ነበር፤ እሱም የሳሙና ሽፋን እየነከረ ቅርጽ ያጠና ሰው ነው። ድልድይ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በኮምፒዩተር ሲሰላም ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ያው የትንሹ ፍለጋ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑና ለእኛ የሚተርፈው

ፕላቶ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1883 በጌንት ከተማ አረፈ። 82 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት እሱ በሞተ በ12 ዓመቱ፣ በ1895 ነው። የምትሽከረከረው ክብ ወዴት እንደምትደርስ ሳያውቅ ሞተ። ቢኖርም ኖሮ ፊልሙን ማየት አይችልም ነበር። በአገሩ ከ1985 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ ለፊልም ሠሪዎች በስሙ ሽልማት ይሰጥ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ይተርፋል? ስለ ጽናት ማውራት ይቻላል፤ ያን ግን ሁሉም ይለዋል። እኔን የመሰጠኝ አጠያየቁ ነው። ረዳቱ ቆንጆ ቅርጽ ወጣ ቢለው ለፕላቶ ምንም አይጠቅመውም። ስንት ነው፣ የት ነው፣ በምን ያህል ማዕዘን ነው፣ ስንት ደቂቃ ቆየ ብሎ መጠየቅ አለበት። የአንዱን ረዳት ቃል በሌላው ማመሳከር፣ ሙከራውን ማስደገም፣ ያዩትን ከገመቱት መለየት አለበት። ረዳቱ ቢሳሳት እሱ በዓይኑ አይቶ አያርመውም፤ ያለው ጥያቄው ብቻ ነው።

እኛስ ከዚህ በምን እንለያለን? አብዛኛውን የምንጽፈውን ነገር እኛ ቆመን አላየነውም። አደጋው ሲደርስ አልነበርንም፤ ስብሰባው ሲካሄድ ውጭ ነበርን። ያየው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ በሰው ዓይን ነው የምናየው። እንግዲያው የምንጽፈው ነገር እውነት መሆኑ የሚወሰነው በምንጠይቀው ጥያቄ ጥራት ነው። ስለ ፕላቶ ዓይን የጻፉት ሰዎች ሁለት ዓመተ ምሕረት ሳያስተያዩ ታሪኩን አበላሹት። ፕላቶ ደግሞ አንድም ሽፋን ሳያይ፣ በትክክል በመጠየቅ ብቻ፣ 100 ዓመት ቆይቶ በሒሳብ የተረጋገጠ እውነት ጻፈ። የሁለቱ ልዩነት የዓይን አይደለም።

ቸር ይግጠመን።